የቱቦው ጫፍ

«ይሄን ከዋጥኩ ልጄ ይተርፍልኛል?»

ለተማርያም ክኒኑን በመዳፏ ይዛ ነብዩን ጠየቀችው። ቫይታሚኑን ከህንድ ተምሮ ሲመለስ በሻንጣው ያመጣላት እሱ ነው። በማደንዘዣ ጋዝ መሀል የሚውሉ ሠራተኞች ቫይታሚን ሲና ኢ ሲወስዱ በደማቸው የሚታየው ጉዳት ቀነሰ የሚል ጥናት አንብቦ ነበር። ስለ ፅንስ ግን ያነበበው የለም።

«አይጎዳሽም» አላት።

«እሱን መች ጠየቅኩህ?»

አምና በሦስተኛ ወሯ አስወርዷታል፤ አሁንም አርግዛ ያው ሦስተኛ ወሯ ደርሷል። በአሶሳው ሆስፒታል ማደንዘዣ የሚሰጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በነብዩ ስልክ ላይ ደግሞ አዲስ አበባ የሚሠራው የትምህርት ቤት ጓደኛው ምንያህል የላከው መልእክት ተቀምጧል፦ «የሥራ ቦታው ያንተ ነው። ዛሬውኑ መልስ ስጠኝ።»

የጠዋቱ ቀዶ ጥገና እንዳለቀ ክፍሉ ጣፋጭ ጣፋጭ ሸተተው። ከማደንዘዣ ማሽኑ የሚተርፈውን ጋዝ በመስኮት ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ቱቦ በዓይኑ ተከተለ። ጫፉ ከማሽኑ ጀርባ ወለሉ ላይ ተጋድሟል፤ መስኮቱም ዝግ ነው።

«ይሄን ማነው ያስገባው?»

«እኔ ነኛ» አለች ለተማርያም ጓንቷን እያወለቀች።

«አንቺ? ብለሽ ብለሽ!»

«ከመቆጣትህ በፊት መስኮቱን ክፈትና እይ።»

ከፈተው። ከመስኮቱ ሥር፣ በግቢው ብቸኛ የማንጎ ዛፍ ጥላ፣ የአስታማሚ ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ ተደራርቧል። አንዲት ሴት ሕፃን ታጠባለች። ዘበኛው ማህጁብ መሀላቸው ተቀምጦ ማንጎ ይልጣል።

«ማህጁብ! እዚህ ሰው እንዳይቀመጥ አላልኩህም?»

«ብለሃል ዶክተር። እኔም ተናግሯል። ግን ሰው ፀሐይ በላው፣ የት ይሂድ? ወላሂ፣ አንተም ብትወጣ እዚሁ ነው የምትቀመጥ!»

አስታማሚዎቹ ሳቁ።

«ያቺ የምታጠባዋ ምን በደለች፣ ጋዙ የሚወርድባት?» አለች ለተማርያም ከኋላው። «እኔ እንኳ ክኒን አለኝ።»

«ክኒኑ ጋዙን አያግድልሽም እኮ ለተዬ!»

«ታዲያ ለምን ሰጠኸኝ?»

ለምን ሰጣት? ሻንጣ ውስጥ የሚገባው እሱ ስለሆነ ነው። ከእሱ ሌላ የሚሰጣት ነገር ይኖረው እንደሆነ ራሱን ጠይቆ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ከማህጁብ ጋር መሰላል አቁመው፣ ቱቦውን በሌላ ቱቦ ቀጥለው ከጣሪያው በላይ አሰሩት። ሲወርድ ለተማርያም በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ቱቦው ወጣ» አላት፤ «ማሽኑ ግን አርጅቷል፣ ራሱም ያፈሳል። እስክትወልጂ ኦፕሬሽን ክፍል አትገቢም። ኦፕሬሽን የሚጠብቁትን በሽተኞች መርምሪ፤ ማደንዘዣው የኔ ነው።»

«ሌሊቱስ? እሁዱስ?»

«የኔ ነው አልኩሽ።»

«አንተ? ሻንጣህን እንኳ ገና አልፈታህም አሉ።»

«ማነው ያለው?»

«ማህጁብ የማያውቀው ምን አለ!»

ነብዩ እየሳቀ ዛፉ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። ማህጁብ አንድ ቁራጭ ማንጎ ዘረጋለት።

«ብላ። ይሄም ቫይታሚን ነው፤ ከህንድ አልመጣም እንጂ።»

ጣቶቹን በሱሪው ጠራርጎ ለምንያህል ጻፈ፦ «ቦታውን ለሌላ ሰው ስጥ። እዚህ አንዲት እናት እስክትወልድ አልንቀሳቀስም።» ላከው። ማንጎውን በልቶ እስኪጨርስ ስልኩን አየት እያደረገ ጠበቀ። ምንያህል ያን ዕለትም፣ ከዚያ በኋላም አልመለሰለትም።