ፕላዝማው አይጠብቅም

የልጄ ልጅ ማክዳ በጠዋት ከክፍል ተባራ ገበያ ድረስ መጣችብኝ። አስረኛ ክፍል ናት፤ የመንግሥት ፈተናው ደርሷል።

«ምን አጠፋሽ?» አልኳት።

«ጠየቅኩ።»

«ጠየቅሽና?»

«ፕላዝማው እያስተማረ ነው የጠየቅኩት። ወላጅ ካላመጣሽ አትገቢም ተባልኩ።»

ፕላዝማ የሚሉት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። ውስጡ ያለው ሰውዬ እንግሊዝኛውን ያዥጎደጉደዋል፤ የእኛው መምህር አብርቶት ጥግ ይቆማል። አድቨርብ የሚባል ነገር አለ፣ ዓይነቱም ብዙ ነው ብሎ ዛሬ አንዱም ለማክዳ ሳይገባት አለፈ። እጇን አወጣች። ጥፋቷ ይኸው ነው!

ከጉኑኖ ልሸጥ ያመጣሁትን ጎደሬ አጠገቤ ለምትሸጠው ጎረቤቴ ጥዬላት ማክዳን አስከትዬ ሄድኩ። መምህር ሰብስቤ የክፍሉ በር ላይ ተቀበለኝ።

«አሳየሽ እባላለሁ፤ የማክዳ አያት ነኝ። ልጄን ለምን አባረርክ?»

«እማማ፣ ፕላዝማው አይጠብቅም። አንዷ ስትጠይቅ ትምህርቱ ሁሉንም ያመልጣቸዋል።»

«እሱ ባይጠብቅ አንተን ምን ያዘህ? ደመወዙን የሚበላው ቴሌቪዥኑ ነው?»

ልጆቹ ሳቁ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይቅርታ ትጠይቅና ትግባ።»

«ስላልገባት ይቅርታ? እኔ ቆሜ?»

ይህን ስንባባል መብራት ሄደ። ሶዶ ነው፣ ይሄዳል። ፕላዝማው ድርግም አለ። ልጆቹ ደብተራቸውን ሰበሰቡ፣ መምህሩ ጃኬቱን አነሳ፤ መብራት ከሄደ ትምህርቱም አለቀ ማለት ነው፣ ልማዳቸው ነው። በሩ ላይ ቆሜ መውጫውን ዘጋሁበት።

«ወዴት? ያ ሰውዬ ሄደልህ። የጠየቀችህን መልስ!»

«ያሳልፉኝ እንጂ እማማ!»

«አላሳልፍም!»

ቆሞ አየኝ። ከዚያ ጃኬቱን አስቀምጦ ጠመኔ አነሳ።

«እሺ። እማማ አሳየሽ መጡ። እንዴት መጡ?»

«በቁጣ!» አሉ ልጆቹ።

«መቼ?»

«ዛሬ!»

«የት?»

«እዚህ!»

«ምን ያህል ተቆጡ?»

«በጣም!»

«ስንት ጊዜ ይቆጣሉ?»

«ሁልጊዜ!» ከኋላዬ የጮኸችው ማክዳ ናት። የገዛ ልጄ!

የተባለውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ጻፈው፤ አድቨርብ ማለት ይኸው ነው ብሎ ዓይነት ዓይነቱን ለየው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። እኔን ሰሌዳ ላይ እንዲያወጣኝ ማን ፈቀደለት?

ማክዳ ይቅርታ ሳትጠይቅ በጎኔ ሾልካ ገብታ ቦታዋ ተቀመጠች። ጥቂት ጻፈችና እጇን አወጣች፤ አሁንም!

መምህሩ ወደ በሩ አየ። እኔ ንቅንቅ አላልኩም።

«ምኑ ነው ያልገባሽ?» አላት።