አባቴ የቆጠረው የልብ ምት

ግትር ነኝ። ከማን እንደወረስኩት ለማወቅ አባቴን አንዴ ማየት ይበቃል። አባቴ ስሙ ዲዳ ነው፤ ወንጂ ሠላሳ ዓመት ሸንኮራ ቆርጧል፤ በሥራ ሰዓት ውሃ አፉ ገብቶ አያውቅም። «በሥራ መሃል ውሃ የጠጣ ልቡ ይሰንፋል» ይላል። ሲጠማው ሸንኮራ ይመጥጥ ነበር። የቆረጣ ጓደኛው ቡዜም እንደዚያው ነበር። ቡዜ አንድ ቀን በቀትር ማሳው ውስጥ ወድቆ ቀረ። «ቀኑ ደርሶ ነው» ተባለ፤ ተቀበረ፤ አለቀ።

እኔም ሩጫን የጀመርኩት በአባቴ ደንብ ነው። ከልምምድ በፊት አንድ አንጓ ሸንኮራ፣ ከዚያ እስክጨርስ ጠብታ የለም። አዳማ ያለ አንድ ክለብ በአሥር ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ስድስት ሴቶች ሊመርጥ ሲል ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በላይ አይቀበሉም። ይህ ካመለጠኝ ሌላ ዕድል የለኝም።

ለማጣሪያው ሁለት ሳምንት ሲቀር፣ ልምምድ ላይ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ስደርስ ልቤ ደረቴን ይደበድበው ጀመር። ቁና ቁና እየተነፈስኩ ቆምኩ። ተናደድኩ፤ አለቀስኩም።

«ምን ጠጥተሻል?» አለችኝ አሰልጣኜ ሌንሳ።

«ምንም። ሸንኮራ ብቻ።»

«ጋዲሴ፣ አንቺ ሯጭ ነሽ ወይስ ስኳር ፋብሪካ? በላብ የወጣው ውሃ ካልተተካ ደምሽ ያንሳል። ልብሽ ያንን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ትንፋሽሽም ይከተለዋል።»

አባቴ ይህን ሲሰማ «ልታሰንፍሽ ነው!» ብሎ ተቆጣ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ከሱ ጋር ነበር። ሌንሳ ግን ቤታችን ድረስ መጣች።

«አባባ ዲዳ፣ እኔን አይመኑኝ። ራስዎ ይቁጠሩ» አለችው።

ሁለት ጠዋት በአንድ መንገድ፣ በአንድ ፍጥነት ሮጥኩ። በመጀመሪያው ቀን ምንም ሳልጠጣ፤ በሁለተኛው ቀድሜ ጠጥቼ፣ መንገድ ላይም በየመሃሉ እየተጎነጨሁ። ልክ እንደቆምኩ አባቴ ጣቶቹን የእጄ አንጓ ላይ ያሳርፋል፤ ሌንሳ ሰዓት ይዛ ሩብ ደቂቃ ትጠብቃለች። በመጀመሪያው ቀን አርባ ስድስት ቆጠረ። በሁለተኛው አርባ አንድ።

እጄን አልለቀቀም። ቆይቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ቡዜ ያን ቀን ውሃ አምጣልኝ ብሎኝ ነበር» አለ። «ቻለው አልኩት።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ።

የማጣሪያው ቀን አዳማ ከጠዋቱ ጀምሮ ትፋጅ ነበር። ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስምንተኛ ነበርኩ። አባቴ ጠርሙስ ይዞ መንገዱ ዳር ቆሟል። እኔ ግን ከፊቴ ያሉት እንዳያመልጡኝ ብዬ እጄን ሳልዘረጋ አለፍኩት። ያ ሽማግሌ ከኋላዬ ሮጠ! በዚያ በቆረጣ በጎበጠ ወገቡ ሮጦ ደረሰብኝ።

«ኢንተላ ኮ! ልጄ! አትቻዪው! ጠጪ!»

ተቀበልኩት። ሁለቴ ተጎነጨሁ፣ ቀሪውን አናቴ ላይ አፈሰስኩ። ትንፋሼ ሲሰበሰብ ይታወቀኛል። አንዷን አለፍኩ፣ ሁለተኛዋን፣ በመጨረሻው ኪሎ ሜትር ሦስተኛዋን። አምስተኛ ገባሁ።

በማግስቱ አባቴ በጠዋት ቤት አልነበረም። ስፈልገው ማሳው ዳር አገኘሁት፤ ጄሪካን ተሸክሞ በቆራጮቹ መሃል ይዞራል። አንዱ ሳቀበት።

«ዲዳ፣ አንተ አይደለህ እንዴ አትጠጡ ስትለን የኖርከው?»

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ፣ ኩባያውን እየዘረጋለት። «ጠጣ።»