የኋላው ቀኝ በር

ፀጉር ሠሪዋ ያን ሰሞን መቀመጫዋ እሾህ ያበቀለ ይመስል ቁጭ ብድግ ስትል ነው የሰነበተችው። እጇ ማበጠሪያ ይዞ ሐሳቧ ኢንሹራንስ ቢሮ ነው። አንዷን ደንበኛ ቀለም ቀብታ ረሳቻትና ጥቁር ቡናማ ልትሆን የመጣችው ሴትዮ የተቀቀለ ካሮት መስላ ተነሳች። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። መስታወቱን አየች፣ ፀጉር ሠሪዋን አየች፣ "አንቺ፣ ምን ሆነሻል?" ብቻ አለቻት። ምን እንደሆነች ማስረዳት ረጅም ነገር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋን ሱቅ በር ላይ አቁማ ሻምፑ ልትገዛ በገባችበት፣ አንድ ዳቦ አመላላሽ መኪና ወደኋላ እየሄደ መጥቶ የኋላውን ቀኝ በር ጨረማመተው። ጥፋቱ የዳቦው መኪና ስለሆነ የእሱ ኢንሹራንስ ያለ ጭቅጭቅ አሠራላት። ባትላሜራው ደግሞ እጁ ይባረክ፤ በሩን ቀጥቅጦና ቀለም ቀብቶ ሲመልሰው እሷ ራሷ የትኛው እንደነበር እስኪጠፋት ድረስ አሳመረው። እፎይ ብላ መኪናውን ለሽያጭ አወጣችው። በሰው ቤት ተቀጥራ ፀጉር መሥራት በቅቷት የራሷን ቤት ልትከፍት ነበር፤ የምትከራየውን ክፍል አግኝታለች፣ አከራዩም ቶሎ ካልከፈልሽ ለሌላ እሰጠዋለሁ እያለ ያጣድፋታል።

ደላላው መጣና ከኪሱ የቀለም ውፍረት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አውጥቶ በሮቹን አንድ በአንድ ነካካ። የኋላው ቀኝ በር ላይ ሲደርስ መሣሪያው ጮኸ።

"ይቺ ተመትታለች" አለና ወዲያው የዋጋውን ሩብ ቆረጠው።

"ተሠርቷል እኮ!"

"ተሠርቶማ አምሯል፣ እህቴ። ግን የተመታች የተመታች ናት።"

ደሟ ፈላ። ባላጠፋችው ለምን ትከስራለች? በማግስቱ የዳቦው መኪና ኢንሹራንስ ዘንድ ሄዳ፣ በሩንማ ሠርታችሁልኛል፣ የመኪናዬን የወረደ ዋጋ ደግሞ ካሱኝ አለች። ጉዳዩን የያዘው ገማች መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጠረጴዛው ላይ የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነው። ቢሆንም ቀልጣፋ ነበር።

"ጥያቄዎ ያስኬዳል" አላት። "ግን የደላላ ወሬ ማስረጃ አይሆነኝም፤ ደላላ ያልተመታውንም ያራክሳል። ሊገዛ ተስማምቶ በግጭቱ ምክንያት የተወ ሰው ካለ ያምጡልኝ። በስልክም ቢሆን ላናግረው።"

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ገዢማ ነበራት፤ ታናሽ ወንድሟ። ሚስቱ ልትወልድ ደርሳለች፣ መኪና ፍለጋ ላይ ታች ሲል ደላላው በሄደበት ዕለት ማታ መኪናዋን በሙሉ ዋጋ ሊገዛ ተስማማ። መካኒክ አልጠራ፣ መሣሪያ አላመጣ። "ያንቺን መኪና ምን ብዬ አስመረምራለሁ፣ እታለም?" ነው ያላት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። እሷ ግን ስለ በሩ ትንፍሽ አላለችም። ካሳው ሲገኝ እነግረዋለሁ፣ ልዩነቱንም እመልስለታለሁ እያለች ራሷን ስትሸነግል ነው የከረመችው። ራስን መሸንገል ደግሞ ቀላል ነው፤ የሚከራከር የለም።

ዝም ብትል ከልካይ አልነበራትም። መኪናው በሙሉ ዋጋ ይሸጣል፣ ካሳውም ይቅር ይባላል። ችግሩ፣ ኪሳራው የትም አይሄድም፤ ከእሷ ጫንቃ ወርዶ እሱ ላይ ሊወጣ ነው። አንድ ቀን ሊሸጠው ሲያወጣው ያው መሣሪያ ይጮህበታል። ይህን ባሰበች ቁጥር ተነስታ ትንጎራደዳለች፣ የታጠበ ፎጣ መልሳ ታጥባለች፣ ስልኳን አንስታ ትደውልና ሳይጠራ ትዘጋዋለች።

ወንድሟ መኪናውን ሊወስድ በመጣ ቀን አብራው ወጣች። እሱ ይነዳል፣ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ጥፍሯን ትቆረጣጥማለች።

"ማሙሽ፣ ጥግ ያዝልኝማ።"

ያቅለሸለሻት መስሎት ቶሎ አቆመ። እሷም ዳቦውን መኪና፣ ባትላሜራውን፣ ደላላውን፣ ገማቹን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። ወንድሟ ወርዶ የኋላውን ቀኝ በር ከፈተ፣ ዘጋ፣ በመዳፉ ዳሰሰው። ተመልሶ ገባ።

"መቼ ነው የተመታው?"

"ከመስማማታችን በፊት።"

"ስለ ዋጋ ስናወራ ታውቂ ነበር ማለት ነው።"

"ልነግርህ ነበር፣ እውነቴን ነው! ካሳው እስኪመጣ ብዬ እንጂ…"

ቁልፉን ነቅሎ ጭኗ ላይ አስቀመጠው። "ይቅርብኝ" አለ።

"ተው እንጂ፣ እቀንስልሃለሁ።"

"ይቅርብኝ አልኩሽ፣ እታለም።"

አለቀሰች። የሰው ነገር ግን ይገርማል፤ እንባዋ ሳይደርቅ፣ ገማቹ አምጪ ያላት የተወ ገዢ ይኸው አጠገቧ መቀመጡ ትዝ አላት። አፍራ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ገማቹን አናግርልኝ ብላ ለመነችው። ወንድሟ ትክ ብሎ አያት። "ስልክ ቁጥሬን ስጪው። የጠየቀኝን እመልስለታለሁ" አለና በእግሩ ሄደ።

በማግስቱ ገማቹ ቢሮ ገብታ ቁጥሩን ሰጠችው። ገማቹ ደወለ፤ እሷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

"መኪናውን ሊገዙ ተስማምተው ነበር?"

"አዎ።"

"የተዉት ስለተጋጨ ነው?"

"አይደለም" አለ ወንድሟ። "በሩ አዲስ ነው የሚመስለው። ቀድማ ብትነግረኝ በዚያው ዋጋ እገዛው ነበር፤ ከእሷ ጋር አልከራከርም።"

"ታዲያ ለምን ተዉት?"

"ስለደበቀችኝ።"

ገማቹ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የሚያዝንላት ይመስላል። "እንግዲህ ሰምተዋል፣ እመቤት። ይሄኛው ከግጭቱ የመጣ አይደለም። ይሄን እኛ አንክሰውም" አላት።

ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ በሁለት እጇ አነሳችው።

"ማሙሽ፣ አለህ?"

"አለሁ።"

"መኪናውንም ካሳውንም ተወው። እሁድ ቤት ትመጣለህ አይደል?"

አንድም እሁድ ቀርቶባት አያውቅም።

"እንጃ፣ እታለም" አላት።