የዓይን እቁብ

ስኳር በቀበሌ ካርድ በሚታደልበት፣ ሰው ከረሜላ በጉንጩ ይዞ ሻይ በሚጠጣበት በዚያ ዘመን፣ አዋሳ አዲስ ከተማ ውስጥ የሙክታር ሻይ ቤት የምትባል አንድ በር፣ አንድ መስኮት ያላት ቤት ነበረች። በዚያች ቤት ስምንት ሰዎች እቁብ ይጥሉ ነበር። እቁብ ስላችሁ ታዲያ ጣራ የሚያለብስ፣ ልጅ የሚድር እንዳይመስላችሁ። መዋጮው ለአንድ ጨዋታ አሥር ሳንቲም ነው። ስምንት ጊዜ አሥር፣ ሰማንያ። ሃምሳዋ የስታዲየም መግቢያ ናት፣ ያውም ፀሐይ በሚመታው በኩል። ሠላሳዋ የሻይ።

ሃምሳ ሳንቲም ምን አላት ትሉ ይሆናል። እህል መጋዘን ኩንታል ሲሸከም ለሚውለው ለገብረየስ ብዙ ነገር አላት። የቀን ገቢው ሁለት ብር አይሞላም። ከዚያችው ላይ የቀበሌ መዋጮ አለ፣ የእናት አገር ጥሪ አለ፣ ቤት ደግሞ ስድስት አፍ ይጠብቃል። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ለኳስ ሃምሳ ሳንቲም ያወጣ ሰው ሚስቱ ብታብድበት አይፈረድባትም።

ስለዚህ ስምንቱ አንድ ዘዴ አበጁ። ጨዋታ ባለበት ሳምንት ቅዳሜ ከሥራ መልስ ስማቸው በሲጋራ ወረቀት ተጽፎ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። ዕጣ የወጣለት የዚያ ሳምንት «ዓይን» ይባላል። እሑድ እሱ ስታዲየም ይገባል፤ ሰባቱ ሙክታር ቤት በር ዘግተው ይጠብቁታል። በር የሚዘጉት አላፊ አግዳሚ ውጤቱን ነግሮ ጨዋታውን እንዳያበላሽባቸው ነው። ዓይን መንገድ ላይ ሳይቆም፣ ከማንም ሳያወራ በቀጥታ መጥቶ፣ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው አንድ ሳያስቀር ይነግራቸዋል። ሻዩም በእውነተኛ ስኳር ይቀርብለታል። ሕጉ አንድ ነው፦ የዋሸ ዓይን ዕጣው ይቃጠላል፤ የሚቀጥለው ዙር ብርጭቆ ውስጥ ስሙ አይገባም። የእቁቡ ዳኛ ልብስ ሰፊው ካሳሁን ነበር። ካሳሁን እንደ ስፌቱ ነው፤ ክር ከመስመር ስትወጣ አይወድም።

በዚያ ቅዳሜ ብርጭቆዋ ውስጥ የቀሩት ሁለት ስሞች ብቻ ነበሩ። አንዱ የገብረየስ፣ አንዱ የባለጋሪው የደምሴ። ገብረየስ አራት ወር ሙሉ ጠብቋል። እሑድ የሚመጣው ደግሞ ትልቁ የአዲስ አበባ ቡድን ነው፤ ደግሞም የደምሴ ልጅ ታምሩ፣ ያ ግራኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጀመሪያው ሊሰለፍ ነው።

ሙክታር እጁን ሰደደ። ገብረየስ ወጣ።

«በል አንተ ግባ» አለው ገብረየስ ደምሴን። «የገዛ ልጅህ ነው፤ እኔ ምን ቤት ነኝ?»

«ተው እንጂ። እኔ ብገባ ኳሷን ትቼ እሱን ብቻ ነው የማየው። ለነዚህ ምን ልነግራቸው ነው?»

«ያው ‹ልጄ ሮጠ፣ ልጄ ቆመ፣ ልጄ ላቡን ጠረገ› ትለናለህ» አለ ካሳሁን፤ ሳቁ።

ደምሴም ሳቀ። ቀጥሎ የገብረየስን ክንድ ያዝ አደረገና፣ «አንተ ነገር ታውቃለህ፤ አንተ ስትናገር ሰው ያያል። አንዲት እርምጃውን ሳትተው ንገረኝ። እኔ እንደሆነ ልጁ በጓሮ ጨርቅ ኳስ ሲለጋ እንጂ ሜዳ ላይ አይቼው አላውቅም» አለው።

«ባልነግርህ ከሰው አትቁጠረኝ» አለ ገብረየስ።

እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ወገቡን በነጠላ አስሮ፣ ሃምሳ ሳንቲሟን በመዳፉ ጨብጦ ሄደ። ወገቡ ያንን ሳምንት አላስተኛውም ነበር። ስታዲየሙ በር ሰልፍ ያዘ። ሰልፉ ከወትሮው አጠር ብሎበት ደስ ብሎት ነበር፤ ለካ ያጠረው በምክንያት ኖሯል።

«ሁለት ብር» አለው ትኬት ቆራጩ በቀዳዳዋ።

«ፀሐዩ በኩል ነው የምገባው፣ ልጄ።»

«ፀሐዩም ሁለት ብር ነው፣ አባባ። የዛሬው ገቢ ለጥሪው ነው። ጥላው አምስት ብር ገብቷል።»

«ትናንት ማንም አልነገረን።»

«እኔም የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ነው። እባክዎ ለሌላው ቦታ ይልቀቁ።»

ከኋላው ያለው ሰው፣ «አባት፣ ይግቡ ወይ ይውጡ!» አለ።

ወጣ። ኪሱን ዳበሰ፤ ለሽንኩርት የተሰጠችው አርባ ሳንቲም አለች። ከሃምሳዋ ጋር ዘጠና። አንድ ቀን ሙሉ ኩንታል ተሸክሞ የማይሞላትን ብር እዚያ በር ላይ ከየት ያመጣል? የሚያውቀው ሰው ካለ ብሎ ዓይኑን አማተረ፤ የሚያውቃቸው ሁሉ እንደሱው ውጭ የቀሩ ናቸው።

ሌላ ጊዜ ገንዘብ ያነሰው በአጥሩ ዙሪያ ያሉት ዛፎች ላይ ወጥቶ ያያል። በዚያ ቀን ግን ትልቅ ሰው ይመጣል ተብሎ አብዮት ጠባቂዎች ዱላ ይዘው ዛፍ ለዛፍ ይዞራሉ። የተረፉት አባ ኮዳዎቹ ብቻ ነበሩ። እነዚያ ራሰ በራ ወፎች ከሐይቁ መጥተው ቅርንጫፉ ላይ ክንፋቸውን ሰብስበው ሜዳውን ቁልቁል ያያሉ። «እናንተስ ታደላችሁ» አላቸው ገብረየስ፤ «መዋጮ የለባችሁ።»

ያን ጊዜ ወደ ሙክታር ቤት ሄዶ «መግቢያው ጨመረ፣ አልገባሁም» ቢል ማንም አይቆጣውም ነበር። እግሩ ግን አልሄደም። ጀርባውን በአጥሩ ግንብ ላይ አስደግፎ ቁጭ አለ። ግንቡ በፀሐይ ግሏል፤ ለወገቡ ደህና መድኃኒት ሆነው። ፊሽካ ተነፋ።

ጨዋታን በጀርባችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሕዝቡ ሲነሣ ግንቡ ይነዝራል። ሲቀመጥ ይረጋል። አንድ ጊዜ ድንገት ጸጥ ሲል ገብረየስ ገባው፤ እንግዶቹ አገቡ። ከእረፍት በኋላ ግንቡ ጀርባውን ሊሰብረው ደረሰ፣ ጩኸቱ አባ ኮዳዎቹን ከዛፉ አስነሣቸው፤ አንድ ለአንድ። ሊያልቅ ሲል ደግሞ ከፊተኛው የበለጠ ጩኸት። «አዋሳ! አዋሳ!» ይላል ሰዉ፤ የማንንም ስም አይጠራም። ሁለት ለአንድ። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ገብረየስ ግንቡን ተደግፎ ተነሣ፤ ሕዝቡ ሳይወጣ ቀድሞ መንገድ ጀመረ።

በመንገድ ላይ እውነቱን ሊነግራቸው ቆርጦ ነበር። «አልገባሁም፣ ግን ሁለት ለአንድ አሸንፈናል» እላለሁ ሲል ደረሰ። በሩን አንኳኳ። ሙክታር ከፈተና መልሶ ዘጋ።

«ጋሽ ገብሬ፣ እንኳን ደህና መጡ። ይቀመጡ፤ ስኳሩ ገብቷል» አለ፤ ብርጭቆውንም አቀረበለት። ሰባቱ ሁሉ አፉን ያያሉ። ደምሴ ጥጉ ላይ፣ አለንጋውን በጉልበቱ አጋድሞ ተቀምጧል። ሌላ ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው እሱ ነው፤ ዛሬ ቃል አልተነፈሰም። ልብሱ አቧራ ለብሷል።

«ተወው፣ የአባት ልብ ነው፤ ፈርቶ ነው» አለ ካሳሁን። «በል ጀምር።»

ገብረየስ ደምሴን አየ። ሻዩን ፉት አለ። ስኳሩ ጣፈጠው። ከዚያ አፉ ከልቡ ቀድሞ ሄደ።

እንግዶቹ እንዴት እንዳገቡ ተናገረ፤ የማዕዘን ምት፣ ቴስታ፣ መረብ። የአዋሳን አንገት መድፋት ተናገረ። ከእረፍት መልስ የመጣችውን አንዷን በተከላካይ እግር መሐል አሾለካት። ሰዎቹ ወንበራቸውን ወደሱ ሳቡ። ሁለተኛዋ ላይ ሲደርስ ደምሴን እያየ ነበር።

«ታምሩ በግራ መስመር ነው። ኳሷ ከቀኝ ተሻግራ መጣችለት። አላቆማትም። ደረቱን ሰጣት፣ ወረደች። ያ የአዲስ አበባው ግንድ የሚያህል ተከላካይ መጣበት። ልጁ ትከሻውን ወዲህ አለ፤ ግንዱ ወዲህ ሄደ። ልጁ ወዲያ ሆነ! ከዚያ በግራው፣ ከመሬት ሳትነሣ፣ እንዲህ ጥግ ላይ…»

«ይበለው!» አለ ሙክታር፤ ጠረጴዛውን መታ።

ካሳሁን ብቻ አልተነቃነቀም። «ቆይ። ቁጥር ስንት ለብሶ ነበር?»

ገብረየስ መልስ ፍለጋ ወደ ብርጭቆው አየ። ሻዩን አነሣ፤ ባዶ ነው።

«አሥራ አንድ» አለ ደምሴ ከጥጉ። ድምፁ ሻካራ ነበር። «አሥራ አንድ ነው የሚለብሰው። ትናንት እናቱ አጥባለታለች። ቀጥል፣ ገብሬ። ካገባ በኋላ ምን አደረገ?»

«ካገባ በኋላ…» አለ ገብረየስ፤ «እጁን ወደ ፀሐዩ በኩል አነሣ። አባቱ ያለ መስሎት ይሆናል።»

ካሳሁን ራሱን ነቀነቀና ተወው።

ሲበተኑ ደምሴ፣ «ውጣ፣ ላድርስህ» አለው። ገብረየስ ጋሪው ላይ ወጣ። ፈረሱ አንገቱን ደፍቶ፣ ላቡ ጎኑ ላይ ነጭ ጨው ሆኖ ደርቆ፣ እየጎተተ ይሄዳል። ባህል አዳራሹ ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ደምሴ ልጓሙን ሳበ።

«አልገባህም» አለ ደምሴ።

ገብረየስ ሃምሳ ሳንቲሟን ከኪሱ አውጥቶ በመዳፉ አሳየው። «ሁለት ብር አሉኝ፣ ደምሴ። ግንቡ ሥር ነበርኩ። ለአንተ ብዬ ነው… እንዴት አወቅህብኝ?»

ደምሴ ግራ ቀኙን አየ። በዚያ ዘመን ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከመናገሩ በፊት ግራ ቀኙን ያይ ነበር።

«ትናንት ወደ ማታ ታኬታውን ሊያስጠግን ወጣ። መታወቂያውን አልያዘም። እዚሁ ጋ፣ እዚች ማዕዘን ላይ ነው የታፈሰው። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ የጦር መኪና ለዘመቻ ይዟቸው ወጣ። በጋሪ ተከተልኩት። እስከ ጥቁር ውኃ ድረስ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ ፈረሱ አልቻለም።»

ገብረየስ አፉን ያዘ። ያስሮጠው፣ ጎል ያስገባው፣ እጁን ያስነሣው ልጅ በዚያች ሰዓት የካሚዮን ሳንቃ ላይ ተጠቅጥቆ እየሄደ ነበር።

«ምነው ታዲያ ዝም አልከኝ? ምነው አፌን አልያዝከኝ?»

«ልይዝህ ፈልጌ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።» ደምሴ ልጓሙን ላላ አደረገ። «ማልያው አሁንም ገመድ ላይ ነው። እናቱ ‹አላወርድም› ብላለች። አንተ ደግሞ አለበስከው። ምን ልበልህ?»

ገብረየስ ሳንቲሟን ሊሰጠው እጁን ዘረጋ። ደምሴ እጁን መለሰለት። «የእኔ አይደለችም። ለካሳሁን ስጠው።»

ወሬው ሰኞ ተሰማ። ታምሩ እንዳልተሰለፈ፣ ሁለተኛዋን ጎል ሌላ ልጅ በግንባሩ እንዳገባት አዲስ ከተማ ሁሉ አወቀ። ገብረየስ ያንን ሳምንት ከመጋዘኑ ሲወጣ በሙክታር ቤት በኩል አላለፈም፤ በዙሪያ ነበር የሚሄደው።

ቅዳሜ ዕለት ግን ሻይ ቤቱ መጣ። ስምንቱም ነበሩ። ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ ሃምሳ ሳንቲሟን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ሕጉን ታውቃለህ» አለ ካሳሁን።

«አውቃለሁ።»

ካሳሁን ስሙ ያለበትን ወረቀት አወጣ፤ ክብሪት ጫረ። ወረቀቷ ትንሽ ናት፣ ወዲያው አለቀች። ገብረየስ ምንም አልተከራከረም፤ ደክሞት ነበርና ይህም እንደ አንድ ኩንታል ከትከሻው የወረደ መሰለው።

ሙክታር ጉሮሮውን ጠረገ። «መግቢያው በዚያው በሁለት ብር ጸንቷል አሉ። ሻዩን ብንተው እንኳ በሦስት ጨዋታ አንድ ዓይን ነው። ያም ሆነ ይህ የሚቀጥለው ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።»

«እኔን ተዉኝ» አለ ደምሴ። «ገብቼ ማንን ልይ?»

ከረሜላ በጉንጫቸው ይዘው ሻያቸውን ጠጡ። ውጭ ጋሪዎች ያልፋሉ። ካሳሁን የወረቀቷን አመድ በጣቱ ጫፍ ሲሰበስብ፣ ሲበትን ብዙ ቆየ።

«እና…» አለ በመጨረሻ፣ ቀና ሳይል፤ «ያቺን ሁለተኛዋን፣ በየትኛው እግሩ ነበር ያልከው?»

ገብረየስ ወደ ደምሴ ዞረ። ደምሴ አለንጋውን ከጉልበቱ አንሥቶ መሬት አስቀመጠ፤ ወንበሩንም ሳብ አደረገ።

ሙክታር ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«በግራው» አለ ገብረየስ። «ኳሷ ከቀኝ ተሻግራ መጣችለት…»