የዳማዋ ግራ ጆሮ

ፈረስ ሁለት ጆሮ እንዳለው ለሰፊው ሕዝብ በይፋ የተገለጸው በ1974 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ከዳባት በላይ ባለው የገበሬ ማኅበራችን ሜዳ ነው። ከዚያ በፊትም ሁለት ነበሩ፤ ግን የገለጸልን አልነበረም።

«ቀኙ ለፈረሱ ይቀራል፤ ግራው ለአገር ሥራ ይውላል» አለ ሊቀመንበሩ አሻግሬ ደረቱን ነፍቶ። ግራው ጆሮ ላይ ቁጥር ያለው ቆርቆሮ ይገባል። ቁጥሩ ከነባለቤቱ ስም አዲስ አበባ ይቀመጣል። ከእንግዲህ ፈረስ ሰርቆ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ማውጣት ቀረ፤ የትም ቢነዳ ባለቤቱ ይታወቃል። በሽታ ቢገባም ከየት እንደተነሣ ይደረስበታል።

እውነት ለመናገር ነገሩ ደግ ነገር ነበር። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያላት ሸጊቱ ናት።

ለሸጊቱ ባሏ ቢራራ ሲሞት አንዲት ዳማ ባዝራ ፈረስ ቀረችላት። አሻግሬ ክረምቱ ሳይገባ «የማኅበሩን እህል ደባርቅ አድርሳ ትመለሳለች» ብሎ ወሰዳት። እውነቱን ነው፣ ተመለሰች፤ የተመለሰችው ግን ወደ እሱ በረት ነው። ሸጊቱ ብትጠይቀው «የምን ፈረስ?» አላት። ብትከስ «ምስክር አምጪ» ተባለች።

ምስክር! በቢራራ ለቅሶ ዳማዋ ተጭና፣ ጋሻውና ጠመንጃው ኮርቻዋ ላይ ታስሮ፣ ደብሩ በሙሉ እሷን እያየ ደረቱን ደቅቷል። አያ ያርጋል ልጓሟን ይዘው «ጌታሽን የት ጣልሽው?» እያሉ አልቅሰውባታል። መሪጌታ ወልደ ገብርኤል አንገቷን አቅፈው ተንሰቅስቀዋል። እነዚሁ ሰዎች ሸንጎ ፊት ቆመው «ዳማ ፈረስ መቼም ብዙ ነው» አሉ።

አያ ያርጋል በኋላ በጓሮ በኩል መጡ። «ልጄ፣ ለሚሊሻ የሚመለምለው እሱ ነው። እኔ ደግሞ ወንድ ልጅ አለኝ።»

«ልጅዎን ያቆይልዎ» አለች ሸጊቱ። «ቢራራ ላይ ያፈሰሱትን እንባ ግን መጥተው ይውሰዱልኝ።»

ተስፋዋ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ነበር። አገሩ አይደለም፤ አሻግሬን የሚፈራበት ነገር የለውም።

ሰውየው ደምለው የሚባል የእንስሳት ሐኪም ነው። መጀመሪያ የቀረበችለት ዳማዋ ሆነች።

«የማን ናት?»

«የእኔ» አለ አሻግሬ።

«ሁለት ሽማግሌ ያረጋግጥ።»

«የጓድ ሊቀመንበሩ ናት» አሉ አያ ያርጋል መሬት መሬቱን እያዩ።

«ከጥንትም ጀምሮ» አሉ መሪጌታው፣ ስለ ጥንቱ የጠየቃቸው ሳይኖር።

ሸጊቱ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። «የእኔ ናት! ያ ቆርቆሮ አንዴ ከገባ በኋላ የት አገር ሄጄ የእኔ ናት ልበል? ሌባ ሊያዝበት የመጣውን ለሌባ ማኅተም አደረጋችሁት! ሰው አይደላችሁም?»

«እት ሸጊቱ፣ ስብሰባ አትበጥብጪ» አለ አሻግሬ። «ሽማግሌ ተናግሯል።»

ሐኪሙም ሽማግሌ የተናገረውን ይዞ፣ መቆንጠጫውን አንሥቶ ቀረበ።

ዳማዋ ብረቱ ሲሸታት ሁለቱንም ጆሮዋን አንገቷ ላይ ለጠፈች። አንዴ ስትራገጥ የያዟት ጎረምሶች ተበተኑ። አሻግሬ ልጓሟን እጁ ላይ ጠምጥሞ ስለነበር ማምለጥ አልቻለም፤ እያንገላታች አጥሩ ላይ አጣበቀችው፤ የካኪ ኮቱን ትከሻ በጥርሷ ያዘች።

«በለው! ያዛት!» ይላል ሁሉም። የሚጠጋ ግን የለም።

ሸጊቱ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች።

«ኧረ በወላዲቷ!» ብሎ ጮኸ ሊቀመንበሩ፣ በሜዳው ሙሉ ሕዝብ ፊት። «ሸጊቱ! እባክሽ እቴ፣ ፈረስሽን ያዢልኝ!»



ሸጊቱ ሳትቸኩል ሄደች። «በቃሽ፣ ዳማ» አለች። ዳማዋ ኮቱን ለቀቀች፤ ግንባሯንም ሸጊቱ ደረት ላይ አስደገፈች።

ደምለው መቆንጠጫውን እንደያዘ አሻግሬን አየው፣ ሽማግሌዎቹን አየ። ከዚያ ወደ ሸጊቱ ዞረ።

«እንዲሁ ይያዙልኝ፣ እትዬ። ባለቤቷን ማን ብዬ ልጻፍ?»

«ሸጊቱ በል» ብለው ከሷ ቀድመው የመለሱት አያ ያርጋል ናቸው።