የበሩ ቋጠሮ

አማቴን ለዓይን ሕክምና ይዣቸው ስሄድ ያቺ አመለኛ ፒክአፕ ዳገቱ ላይ ለገመች። ኮፈኑን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴን ሊጠብሰኝ ምንም አልቀረው። የራዲያተሩ ቱቦ ተሰንጥቋል። መካኒኩ ቀይሪው ብሎኝ እምቢ ያልኩት እኔው ነኝ። ቱቦው ላይ ያለውን ሽቦ የጠመዘዘው ባሌ ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ እጁ ያረፈበትን ነገር ማስነካት አልወድም። ይኸው እልኬ መንገድ ላይ አስቀረኝ።

የዓይን ሐኪሙ ከሩቅ የመጣው ለዚያ ቀን ብቻ ነው። ከቀትር በፊት ካልደረስን ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው። አማቴ ደግሞ ጠብቀው ጠብቀው አንጀታቸው አልቋል። ልጄ የተወለደችው አባቷ ከሞተ በኋላ ነው። ያያት ሁሉ “ቁርጥ አባቷን” ይላቸዋል፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው በመዳፋቸው ከመዳሰስ በቀር አይተዋት አያውቁም።

ባሌን ሰው ሁሉ “ሽቦ” ነበር የሚለው። የነዳጅ ታንከሩን ቀዳዳ በሳሙና ይደፍናል፣ የተሰበረውን መስታወት በገመድ ያንጠለጥላል። እናቱ በሚቀመጡበት በኩል ያለው የመኪናዋ በር አልዘጋ ሲል ደግሞ ከአሮጌ ጎማ በቆረጠው ላስቲክ ጠፍሮ አሰረው። እናቴን መንገድ ላይ እንዳልጥላት እያለ ይስቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ አማቴ የሚገቡትም የሚወጡትም በእኔ በኩል ነው። በሩን እናሠራው ያለ የለም።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ ቱቦውን በሻሼ ጠመጠምኩት። ከያዝነው ጀሪካን ውኃ ብጨምርበት በሻሹ አልፎ ፈሰሰ። የሚያስፈልገኝ ላስቲክ ነበር፤ ያለን ላስቲክ ደግሞ የበሩ ብቻ ነው። ይህን ለአማቴ ለመንገር አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ምን እንደጎደለ ሲጠይቁኝ ግን መዋሸት አልቻልኩም። መንገዱን ሙሉ እጃቸው ያረፈው ቋጠሮው ላይ ነበር። ከዚያ በጥፍራቸው ይፈቱት ጀመር።

“እማማ፣ ይተዉት። ከሱ እጅ የቀረን ይሄ ነው።”

“ልጄ፣ ያሰረው እኮ እንድደርስ ነው” አሉኝ።

ሻሼን ከቱቦው ፈትቼ ላስቲኩን ተቀበልኩና እያለቀስኩ ጠመጠምኩት። ጫፉን እንደሱ አስራለሁ ብል እየተንሸራተተ መከራዬን አሳየኝ። አማቴ በዳበሳ ወርደው፣ የመኪናዋን ጎን ይዘው መጡና በትከሻቸው ገፋ አደረጉኝ። ጣቶቻቸው አንዴ ዞረው፣ አንዴ ሾልከው ጨረሱት። በሩ ላይ የነበረው ቋጠሮ ራሱ ነው።

“ትምህርት ቤት ሲገባ ጫማውን ሳስርለት ነው የለመደው” አሉ። “ሌላ አስተሳሰር መች ያውቅ ነበር፣ ሞኜ።”

ከጀሪካኑ ውኃ ሞላሁ። ጠብ አላለም። በሩን እኔ በሻሼ አሰርኩት፤ አማቴ ግን ስላላመኑኝ እስክንደርስ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘውት ሄዱ። ሐኪሙን ጓንቱን ሳያወልቅ ደረስንበት፤ የዚያኑ ዕለት የዓይናቸውን ሞራ ገፈፈላቸው።

በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ቤት የተውኳትን ልጄን አመጣሁላቸው። ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን አዩ። እግሯን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና የተፈታውን የጫማዋን ክር ያዙ።

አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

“እማማ፣ ቀስ ይበሉ” አልኳቸው። “እኔም ልየው።”