የሸምሲያ አሻራ

የላቀች ፓስፖርት የተቃጠለው ትራስ ውስጥ እንዳለ ነው። ያቃጠለችውም ጠላቷ አይደለችም፤ ኦማን፣ አል አመራት ውስጥ አንድ ክፍል የምትጋራት የአገሯ ልጅ ዓሊያ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሮና የገባ ሰሞን የላቀች አሠሪዎች «ኻላስ፣ ከእንግዲህ አቅም የለንም» ብለው ፓስፖርቷን በእጇ ሰጥተው ሸኟት። ላቀች ደግሞ ሰው አታምንም። ፓስፖርቱን ከባጣቃዋ፣ ከመኖሪያ ፈቃዷ ካርድ ጋር አድርጋ ትራሷ ውስጥ ሰፋችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ ትኩሳት ጣላትና አምቡላንስ ወሰዳት። ዓሊያ በሽታው እንዳይዛት ፈርታ ፍራሹንም ትራሱንም ብርድ ልብሱንም ከግቢው ጀርባ አውጥታ ክብሪት ጫረችበት።

ላቀች ድና ስትመለስ መጀመሪያ የጠየቀችው ትራሷን ነው።

«ትራስሽማ አመድ ሆነ» አለች ዓሊያ።

«አንቺ ሴትዮ፣ መሄጃዬን እኮ ነው ያነደድሽው።»

«እኔ ምን ላውቅ? ሰው ሻንጣ እያለው ፓስፖርት ትራስ ውስጥ ይሰፋል?»

ተሰዳደቡ፣ ከዚያ አብረው አለቀሱ። የሁለቱም የመኖሪያ ፈቃድ ጊዜው አልፎበታል። የኦማን መንግሥት ደግሞ እንዲህ ያለው ሰው ያለ ቅጣት ወደ አገሩ ይግባ ብሎ ምሕረት አውጥቷል። ፓስፖርት የሌለው ከአገሩ ቆንስላ ሊሴፓሴ፣ የአንድ ጊዜ መጓዣ ወረቀት፣ ይዞ መውጣት ይችላል። ችግሩ ስሙ ላይ ነው።

ፓስፖርቱ ላይ የነበረው ስም ሸምሲያ ጁሀር ነው። ከወሎ ስትወጣ ደላላው «በእስላም ስም ቶሎ ሥራ ይገኛል» ብሎ አዲስ ስም ከነአባቱ ሰጣት። ማተቧን ፈትታ፣ ሂጃብ አድርጋ መጣች። እንዲህ ሆኖ የመጣው ብዙ ስለሆነ ማንም አይገረምም፤ እሷም ለምዳው ነበር። ሆስፒታል እስክትተኛ ድረስ።

እዚያ ከአጠገቧ የተኛች ሐበሻ ሞተች። በላስቲክ ጠቅልለው ሊያወጧት ሲሉ አንዱ ስሟን ከወረቀት አነበበ። ላቀች ያን ስም ስትሰማ ‹እውነት ስሟ ይሆን?› ብላ አሰበች፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። እሷም ብትሞት ሸምሲያ ተብላ እዚሁ ባዕድ አገር ተራራ ሥር ትቀበራለች። አገር ቤት ያሉት ላቀችን ሲጠብቁ ይኖራሉ፤ ለማን ተደውሎ ምን ይባላል?

ቆንስላው መስኮት ላይ የተቀመጠው ሚልኪያስ የሚባል ጎልማሳ ነው።

«ስምዎ?»

ዓሊያ መንገዱን ሙሉ ‹ሸምሲያ በይ› ስትላት ነው የመጣችው።

«ላቀች ወልደሚካኤል» አለች። ዓሊያ ከኋላ ጎኗን ቆነጠጠቻት።

«እዚህ አገር ሲገቡ አሻራ የሰጡት በዚህ ስም ነው?»

«አይ። ሸምሲያ ጁሀር ተብዬ ነው።»

ሚልኪያስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንግዲያው እንደ አሻራው ልጻፍልዎ። ጣትዎ አንድ ስም፣ ወረቀትዎ ሌላ ስም ከተናገረ ኤርፖርት ላይ ይይዙዎታል። እኔ እዚያ መጥቼ ላስፈታዎ አልችልም።»

«መንገድ ላይ ብሞትስ ማን ብለው ያስረክቡኛል?»

«እናቴ፣ ማን ሞት አመጣ?»

«ያቺ ሆስፒታል አጠገቤ የተኛችውም አትሞቺም ተብላ ነበር» አለች ላቀች። ወንድሟ የላከላትን የቀበሌ መታወቂያዋን ፎቶ ከፍታ ስልኳን መስታወቱ ላይ ለጠፈችው። ሚልኪያስ አየው፣ እሷንም አያት፣ ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ።

«ግትር» አለች ዓሊያ ደጅ ሲወጡ። «እስር ቤት ስንቅ የሚያመላልስልሽ የለም፤ እኔ አገሬ ነው የምገባው።»

የበረራው ቀን ደረሰ። ኤርፖርቱ ጭምብል ባደረጉ ሴቶች ተሞልቷል። ዓሊያ ቀድማ አለፈችና ወዲያ ማዶ ቆማ ጠበቀቻት። መውጫው መስኮት ላይ ያለችው ፖሊስ ወረቀቱን ተቀብላ የአሻራውን መስታወት አሳየቻት። ላቀች ጣቷን አስቀመጠች። ማሽኑ እንቢ አለ። ስንት ዓመት በረኪና ውስጥ የነከረችው ጣት ነው፤ መስመሩ አልቋል። ‹ምነው ሳያነብ በቀረ› ብላ ተመኘች። ፖሊሷ በሶፍት ጠርጋ ደግማ ስትጫነው አነበበ።

«ሸምሲያ?» አለች ፖሊሷ። ወረቀቱን አየች። እንደገና ስክሪኑን አየች።

ዓሊያ አስጠንታት ነበር፤ ቆንስላው ተሳስቶ ነው በይ ብላ። ሆኖም ስሙን አሁን ከካደችው ለምን አስጻፈችው?

«አና ላቀች» አለች። «ሸምሲያ ስም ማል መክተብ።» እኔ ላቀች ነኝ፤ ሸምሲያ የደላላው ቢሮ የሰጠኝ ስም ነው ማለቷ ነው።

ፖሊሷ ወረቀቱን ይዛ አንድ ክፍል ገባች። ላቀች ብቻዋን ቀረች። ከኋላዋ የነበሩት በሌላ መስኮት እያለፉ ሄዱ። ሻንጣዋን ተደገፈች። ለማርያም ልትሳል አሰበችና ይሰሙኛል ብላ ከንፈሯን ነከሰች። ማዶ ዘበኛው ዓሊያን «ያላ፣ ያላ» ይላታል፤ ዓሊያ ጫማዋን የምታስር መስላ ጎንበስ ብላ አልንቀሳቀስም አለች።

ፖሊሷ አንድ ሸምገል ያለ አለቃ አስከትላ መጣች። ጭምብሏን አስወለቋት። ስትገባ ያነሷትን ፎቶ ከፊቷ ጋር አስተያዩ፤ የቀሩትን ጣቶቿን አንድ በአንድ አስነኳት። አለቃው በረጅሙ ተነፈሰ።

«አንቺም እንደሌሎቹ በሐሰት ስም ነው የመጣሽው?» አላት በዓረብኛ።

አንገቷን ሰበረች።

«ሸምሲያ ኻላስ» አለ ሰውየው፤ ይህች አሻራ ዳግመኛ ኦማን አትገባም ማለቱ ነበር። ከዚያ የላቀች ወረቀት ላይ ማኅተሙን መታ።

ዓሊያ ጋ ደረሰች። ዓሊያ ክንዷን ያዘቻት።

«ምን አሉሽ?»

«ዳግመኛ አትመጪም አሉኝ።»

«ወይኔ። ሥራ ብትፈልጊስ?»

«ዝም ብለሽ ተራመጂ» አለች ላቀች፣ ወደ ኋላዋ ሳትዞር። «ሐሳባቸውን ሳይለውጡ።»